ለጎጃም ወንዝ የትኛው የጎማ ጀልባ ይሻላል?

ዓሣ ለማጥመድ የጎማ ጀልባ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ "ስንት ሰው ይጭናል?" ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ከመኪናው እስከ ውሃው ድረስ ማን ይሸከመዋል?

ጎጃም ውስጥ ይሄ ቀልድ አይደለም። ጨሞጋም፣ ተምጫም፣ ብርም፣ ፈታምም ከደጋው ተነሥተው ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። አስፋልቱ የሚያገናኘን ድልድዩ ላይ ነው። ድልድይ ሥር ደግሞ ልብስ የሚያጥብ፣ ከብት የሚያጠጣ፣ ገላውን የሚታጠብ አይጠፋም። ጸጥ ያለ ውሃ የፈለገ ሰው ወደ ታች መሄድ አለበት። ወደ ታች ሲኬድ ቁልቁለቱ፣ ድንጋዩ፣ ቀጋውና ግራሩ ይጀምራል። 30 ኪሎ የሚመዝን ጀልባ አንድ ቀን እዚያ ድረስ ትሸከሙት ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ቤት ይቀራል።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ክብደትንና እሾህን አስቀድሜ ነው። ስለ ቀለሙና ስለ ኩባያ ማስቀመጫው ሻጩ ራሱ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ ውሃውን እንለይ

ግልገል አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ተነሥቶ ጣና ይገባል። ወደ ሐይቁ ሲቃረብ ሜዳ ላይ እየተጠማዘዘ፣ ተኝቶ ይሄዳል። ዳርቻው በአብዛኛው አፈር ነው። በበጋ ለትንሽ የጎማ ጀልባ ከዚህ የተሻለ ወንዝ ጎጃም ውስጥ አላውቅም።

የደጋዎቹ ወንዞች፣ እነ ጨሞጋና ተምጫ፣ ሌላ ባሕርይ አላቸው። አንድ ቦታ ጥልቅ ሆነው ይቆማሉ፤ ትንሽ ወረድ ሲባል ድንጋይ ላይ ይበተናሉ። ሚያዝያ ላይ ጀልባውን ተሸክማችሁ የምታልፉበት ቦታ ከምትቀዝፉበት ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ጠፍጣፋ ሆድ ያለውና ቀላል የሆነ ያሸንፋል።

ትልቁ አባይ ከጣና ወጥቶ እስከ ጢስ አባይ ፏፏቴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ባሕር ዳር ድልድይ አካባቢ ጉማሬ አለ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋ ወደ ውሃው ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል የገባ ነገር አይወድም። የጎማ ጀልባ ደግሞ ለጉማሬ ጥርስ ምኑም አይደለም። ጠዋት ማልዶና አመሻሽ ላይ ዓሣው ጥሩ ይበላል ብሎ እዚያ መግባት ከባድ ድፍረት ነው።

ከፏፏቴው በታች ያለውን ገደል እርሱት። ጣና ላይ አዞ የለም፤ እዚያ ታች ግን አለ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዞች ቡድን ያንን ሸለቆ በጎማ ጀልባ ወርዶታል። ወታደሮች ነበሩ፣ ዝግጅታቸውም የጦር ዘመቻ ያህል ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሰው ሞቶባቸዋል። የቅዳሜ ዓሣ ማጥመጃ ቦታ አይደለም።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ጀልባው ይተኛ። ወንዙ ይደፈርሳል፤ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ላይ ደጋው ላይ ከዘነበ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ደግሞም የጣና ነጭ ዓሣዎች ብዙዎቹ በክረምት ወደ ግልገል አባይና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በዚያን ሰዓት የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የከርሞውን ዓሣ ዘንድሮ መብላት ነው። የዓሣ ሀብት አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚመራ ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስሱ የፕላስቲክ ጀልባ

ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ፎቶው ላይ ያምራል። ከስስ ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ውስጡ የጨርቅ መረብ የለውም። ስለዚህ ብዙ አየር አይችልም፤ ከ1 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) በታች ነው የሚነፋው። ለስላሳ ነው። ስትቀመጡበት መሐሉ ይሰምጣል፣ ጫፍና ጫፉ ይነሣል። ስትቀዝፉ ግማሹ ጉልበታችሁ ጀልባውን ለማጣጠፍ ይሄዳል።

ስለሚጭነው ሰው ካርቶኑን አትመኑ። ኢንቴክስ ኤክስፕሎረር 200 የሚባለው የሁለት ሰው ተብሎ ይሸጣል፤ የመጫን አቅሙ ግን 95 ኪሎ ነው። ሁለት ጎልማሳ ጎጃሜ፣ ሁዳዴውን ሙሉ ቢጾሙ እንኳ፣ 95 ኪሎ ውስጥ አይገቡም። ከዚያው ድርጅት ሲሆክ 2 የሚባለው 200 ኪሎ ይጭናል፤ ለአንድ ሰውና ለዕቃው በቂ ነው። የኔ ልክ ይሄ ነው፦ የተጻፈውን ኪሎ ወስዳችሁ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ተጠቀሙ። ሰው፣ ልብስ፣ መልሕቅ፣ ምሳ፣ ከዚያ ደግሞ ከቀናችሁ ዓሣው አለ።

ዓሣው ራሱ ጠላት ነው። አምባዛ ደረቱ አጠገብ ባሉት ክንፎቹ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው። ቀረሶም ጀርባው እሾህ ነው። ስስ ፕላስቲክ ላይ ሕያው አምባዛ መጣል ማለት ራስን በመርፌ መውጋት ነው። ባልዲ ያዙ፣ ወይም ጆንያ ደርቡ። መንጠቆውንም ቡሽ ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ለቆጋ ግድብ ዳርቻ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ላይፍ ጃኬት ለብሶ። መራዊ አጠገብ ስለሆነ መኪናውም ይቀርባል፣ ውሃውም አይሄድም። መቅዘፍ ለመማርም ደህና ነው። ለሚሄድ ውሃ ግን አልመክርም። ግራር ባለበት ዳርቻ ደግሞ አንድ ወቅት መጨረሱም ያጠራጥራል።

ወፍራሙ የፒቪሲ ጀልባ

ይሄኛው በመካከሉ የፖሊስተር ጨርቅ ያለው፣ ፒቪሲ ከሚባል ወፍራም ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። 3 ፒኤስአይ ገደማ ይነፋል፤ ስትመቱት ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። ቀጋ ላይ ብትጎትቱት ይጫጫራል እንጂ ቶሎ አይበሳም። ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ የአየር ክፍሎች ስላሉት አንዱ ቢፈነዳ በሌሎቹ ዳር ትደርሳላችሁ።

ጉዳቱ ክብደቱ ነው። ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ያለው እንደ ወለሉ ዓይነት ከ15 እስከ 30 ኪሎ ሊመጣ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ወለሉ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ። የጣውላ ወለል ጠንካራ ነው፣ ቆሞ መወርወር ያስችላል፣ ግን ከባድ ነው። ርብራብ ወለል መካከለኛ ነው፤ ተጠቅልሎም ይገባል። የአየር ወለል ቀላልና ምቹ ነው፤ ጥሩው ዓይነት ውስጡ በሺህ ክሮች ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ ከ6 እስከ 10 ፒኤስአይ ሲነፋ እንደ ሳንቃ ይደርቃል። ለእኛ አገር እኔ የአየር ወለሉን እመርጣለሁ። ጣውላ ሲረጥብ ይከብዳል፣ በጠርዙም ጎማውን ይፈትጋል።

ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ወይም መንገዱ ለአህያ የሚመች ከሆነ፣ ክብደቱ ችግር አይሆንም። አህያ ላይ ስትጭኑ ጀልባውን ጆንያ ውስጥ ክተቱት፤ ገመዱ እየፈተገ ጎማውን ይበላዋል።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ ነው። ከዚያ የበለጠ ጀልባ ከገዛችሁ ለትርፉ ኪሎ የምትከፍሉት ዋጋውን ይለውጠዋል። መቅዘፊያውንና ፓምፑን በሌላ ሻንጣ አድርጋችሁ አስሉ።

ሃይፓሎን የሚባለው ጎማ ፀሐይን ከፒቪሲ በተሻለ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ውጭ ለሚያድር ጀልባ ነው ጥቅሙ። ቤት ለሚያድር ትንሽ ጀልባ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም።

የሚነፋ ካያክ

ጠባብና ረጅም ነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ክቡ ጀልባ የሚሽከረከርበት ቦታ ላይ ካያክ አቅጣጫውን ይይዛል። የግልገል አባይን ረጅም የተኛ ውሃ ሽቅብ ቀዝፎ ለመመለስ ከዚህ የሚሻል የለም። ሽቅብ መመለስ መቻል ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ መኪናችሁን ያቆማችሁበት ቦታ ትመለሳላችሁና።

ለማጥመድ ግን ይጨንቃል። ዝቅ ብላችሁ ስለምትቀመጡ ሱሪያችሁ ይረጥባል፤ ዕቃ የምትዘረጉበት ቦታ የለም፤ ዓሣ ሲመጣ ወደ አንድ ጎን መዘንበሉ ያስደነግጣል። ከሥሩ ያለችው ቀጥ ማድረጊያ ክንፍ ጥልቀት በሌለው ውሃ ድንጋይ ስለምትነካ የምትነቀል መሆኗን አረጋግጡ። ጉዞ ለሚወድና ዓሣውን እንደ ምርቃት ለሚቆጥር ሰው እመክረዋለሁ።

ተቀምጠውበት እግር ውሃ ውስጥ የሚገባው

ፍሎት ቲዩብ ይሉታል። አንድ በኩሉ ክፍት የሆነ የተነፋ ወንበር በሉት። እግር ላይ የዋና ክንፍ ታደርጋላችሁ፣ ወደ ኋላ እየመታችሁ ትሄዳላችሁ። እጃችሁ ነፃ ስለሚሆን ለማጥመድ እጅግ ይመቻል፤ ክብደቱም ትንሽ ነው፣ ጀርባ ላይ ይታዘላል።

ውጭ አገር ለቀዝቃዛ ሐይቅ የተወደደው በዚህ ነው። ወደኛ ሲመጣ ጉዳዩ ይለወጣል። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታው ቆዳን ዘልቆ የሚገባ ስለሆነ ግማሽ ቀን እግርን ውሃ ውስጥ ነክሮ መቀመጥ ለእሱ መጋበዣ ነው። አልቅቱንም ጨምሩበት። ስለ ጉማሬ ቀድሜ ተናግሬአለሁ። ከዚህ ሌላ በሚሄድ ውሃ ላይ እግር ወንዙን አይረታም፤ ወደወሰዳችሁ ትሄዳላችሁ። ውሃ የማያስገባ ሙሉ ሱሪ ያለው ሰው በረጋ ውሃ ሊሞክረው ይችላል። ለጎጃም ወንዝ ግን ከዝርዝሬ አውጥቼዋለሁ።

በጀርባ የሚታዘለው ትንሹ ጀልባ

ፓክራፍት የሚባለው ነው። ልዩ ሽፋን ካለው ስስ ናይለን ስለሚሠራ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ነው የሚመዝነው። ተጠቅልሎ ከጋቢ ብዙም አይበልጥም። ፓምፕም አያስፈልገውም፤ አብሮት በሚመጣ ትልቅ ከረጢት አየር እያፈሳችሁ ትሞሉታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ በአፍ ትነፉታላችሁ።

ከላይ ያነሣሁት ጥያቄ፣ ማን ይሸከመዋል የሚለው፣ እዚህ ጋ መልስ ያገኛል። ከደምበጫ ወይም ከአማኑኤል መንገድ ለቅቃችሁ ወደ ሸለቆ የምትወርዱ ከሆነ፣ ብቻችሁንም ከሆናችሁ፣ አቅም ካላችሁ ይሄን ግዙ። ድንጋይ ሲያጋጥም በአንድ እጅ አንሥታችሁ ታልፋላችሁ።

ሁለት ነገር ይቀንሰዋል። አንደኛ ውድ ነው፤ ከጥሩ የፒቪሲ ጀልባ በላይ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛ አብዛኞቹ ዋናው የአየር ክፍላቸው አንድ ብቻ ነው። ቢበሳ ሌላ የሚያንሳፍፍ ክፍል የለም። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ግዴታ ቢሆንም ለዚህኛው ጭራሽ ያለ እሱ አይታሰብም። ርካሽ አስመስሎ የተሠራም ገበያ ላይ አለ፤ ስፌቱ የት እንደተገጠመ በእጃችሁ ዳስሱ፣ ሙጫው ከተነሣ ተዉት።

አንዳንድ ሰው "የጭነት መኪና ጎማ ካላማዳሪ አይበቃም ወይ?" ይላል። ወንዝ ለመሻገር ሰው ተጠቅሞበታል። ለማጥመጃ ግን መቀመጫም መቅዘፊያም የለው። ጣና ዳር ብቻ ለማጥመድ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ጀልባ ባትገዙም ይሻላል፤ የደንገል ታንኳ ያለውን ሰው ከነቀዛፊው ለግማሽ ቀን ተከራዩ። እሱ ውሃውን ያውቀዋል።

እኔ ብሆን የምገዛው

ሁለት ጓደኛሞች ሆነን ግልገል አባይና ቆጋ ለምንመላለስ፣ 2.3 ሜትር አካባቢ የሆነ፣ የአየር ወለል ያለው፣ ሦስት ክፍል ያለው ወፍራም ፒቪሲ። ብቻዬን በእግር ለምሄድ ፓክራፍት። ገንዘብ ካጠረኝ ስሱን ፕላስቲክ ገዝቼ ወንዝ ከምገባ ስሱን ፕላስቲክ ገዝቼ ቆጋ ዳር እቆያለሁ፤ ወይም እንደ ድሮው ከዳር እወረውራለሁ። ከዳር የሚያዝ አምባዛ ጣዕሙ አይቀንስም።

ከፍታው የሚያመጣው ነገር

ይሄ የአምራቹ መመሪያ ላይ ጎልቶ አይጻፍም፤ ለኛ ግን ያገባናል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደጀን ወርደን የምናገኘው የአባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር ብዙ አይርቅም። በሁለቱ መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት 2 ፒኤስአይ ያህል ይሆናል። 3 ፒኤስአይ ለሚነፋ ጀልባ ይሄ ብዙ ነው። ደጋ ላይ ነፍታችሁ ፒክአፕ ላይ ጭናችሁ ብትወርዱ ታች ልፍስፍስ ብሎ ይደርሳል። ታች ጠብቆ የተነፋውን ሳታስተነፍሱ ወደ ላይ ብታወጡት ደግሞ ስፌቱ ይጨነቃል። ውሃው ዳር ደርሳችሁ ንፉ፣ ስትጨርሱ አስተንፍሱ።

ፀሐይም እንዲሁ ናት። ቀትር ላይ ጀልባውን ድንጋይ ላይ አውጥታችሁ ምሳ የምትበሉ ከሆነ ትንሽ አየር ልቀቁለት። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ደግሞ ይላላል፤ መልሳችሁ ሙሉት። የግፊት መለኪያ ያለው ፓምፕ ለዚህ ነው። በመኪና ባትሪ የሚሠራው ፓምፕ መኪናው በማይደርስበት ቦታ ስለማይጠቅም የእጅ ወይም የእግር ፓምፕ ይኑራችሁ።

ስትገዙ የምታዩት፣ ስትገቡ የምትጠነቀቁት

የአየር ማስገቢያው መዝጊያ ጠመዝማዛና ሁለት ደረጃ ያለው ይሁን፤ ስትከፍቱት አየሩ ተመልሶ የማይወጣበት። እንደ ኳስ በጣት የሚወተፈው ያማርራል። ዙሪያውን የሚያዝ ገመድ ይኑረው፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚይዘው እሱን ነው። የመቅዘፊያው ማሰሪያ ላይ የተለጠፈውን ጎማ ሳብ አድርጋችሁ እዩ። በብዛት ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው።

ስለ ሞተር አጭር ነው፦ ባትሪው ብቻ ከፓክራፍቱ አምስት እጥፍ ይመዝናል። ይቅርባችሁ።

ስትቀዝፉ ፊታችሁን ወንዙ ወደሚሄድበት አድርጉና ሽቅብ ቅዘፉ። ጀልባው ይዘገያል፣ የሚመጣውን ድንጋይ ታያላችሁ፣ ወደ ጎን ለማለፍም ጊዜ ታገኛላችሁ። መልሕቅ ስትጥሉ ገመዱን በፊት ወይም በኋላ ጫፍ እንጂ በጎን አትሰሩ፤ ወንዙ ጎን ያገኘውን ጀልባ ይገለብጣል። ገመዱን ቶሎ የሚቆርጥ ቢላ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ከሰውነታችሁ ጋር ደግሞ ምንም ገመድ አይታሰር።

ጀልባው እጃችሁ እንደገባ ቤት ነፍታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከላላ በሳሙና አረፋ ስፌቱንና መዝጊያውን ቀቡት፤ አረፋው የሚያብጥበት ቦታ ነው የሚያፈሰው። ከወንዝ ስትመለሱ አድርቃችሁ እጠፉት፤ ጎተራ አጠገብ ግን አታስቀምጡት። አይጥ የዓሣ ሽታ ያለው ጎማ አይምርም፤ ከግራር የተረፈውን እሷ ትጨርሰዋለች።

ሲበሳ ወደ ጎሚስታ ሮጣችሁ አትሂዱ። የእሱ ሙጫ ለጎማ እንጂ ለፒቪሲ አይሆንም፤ ለጊዜው የያዘ ይመስልና ፀሐይ ሲመታው ይላቀቃል። የሚያስፈልገው የፒቪሲ ሙጫ ነው። እሱን ደግሞ ዘመዳችሁ በሻንጣ አምጣ ብትሉት አይችልም፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ይከለከላል። የጭነት መኪና ሸራ የሚሠሩት ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ። በሻንጣ ማስመጣት የምትችሉት ራሱ የሚለጠፈውን መጣፊያ ነው፤ ፓክራፍት ከሆነ አብዛኛውን ቀዳዳ እሱ ይደፍነዋል፣ ቦታው ደርቆ በአልኮል ከተጠረገ።